ሜኔሊክ አደባባይ፦ ምን ጸና፣ ማን አጸናው

ጅቡቲ ከተማ መሐል በነጫጭ ቤቶችና በቅስት በረንዳዎች የተከበበ አደባባይ አለ። በመንግሥት መዝገብ ስሙ «የ27 ጁን 1977 አደባባይ» ነው፤ አገሪቱ ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ የወጣችበት ዕለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታክሲ ነጂው፣ ባለሱቁና ከድሬዳዋ የወረደው ነጋዴ ግን «ፕላስ ሜኔሊክ» ነው የሚሉት። ነጻነቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቢቀረውም አሮጌው ስም ከሰው አፍ አልወጣም። አሁን አንድ ወጣት ይህን አደባባይ በኮምፒውተር ጌም ካርታ ላይ ሊያሰፍረው ተነሣ እንበል። ስክሪፕቱን መጻፍ ሲጀምር አንድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ የትኛውን ነገር «ቋሚ»፣ የትኛውን «ተለዋዋጭ» ብሎ ይመዝግብ? ስሙና ስፍራው ቋሚ፣ የሚመላለሰው ሰውና ገንዘብ ተለዋዋጭ ነው ብሎ በቶሎ ሊገላገል ይችላል። የአደባባዩን ታሪክ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ነገሩን ተገልብጦ ያገኘዋል።

በስክሪፕት ሥራ ቋሚ ማለት ጨዋታው ሲከፈት አንድ ጊዜ ዋጋ ተሰጥቶት እስኪዘጋ የማይነካ ስም ነው፤ የካርታው ስፋት፣ በአንድ ጊዜ ሊገቡ የሚችሉ ተጫዋቾች ብዛት፣ የአንድ ግንብ ዋጋ እንዲህ ይጻፋሉ። ተለዋዋጭ ደግሞ በየቅጽበቱ አዲስ ነገር የሚገባበት ሣጥን ነው፤ የተጫዋቹ ወርቅ፣ የቀረው ዕድሜ፣ የሰዓቱ ቆጠራ። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ቋሚነትን የነገሩ ባሕርይ አድርጎ ያስባል፤ እንደ ድንጋይ ጥንካሬ። ነገር ግን ብዙ የጌም ካርታዎች የሚጻፉበት የሉዋ ቋንቋ እስከ 2020 ድረስ እውነተኛ ቋሚ አልነበረውም። ጸሐፊዎቹ እንዳይነካ የሚፈልጉትን ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጽፉና ሌላው ባልደረባ አይቶ እንዲጠነቀቅ ያደርጉ ነበር። (ትልቅና ትንሽ ብሎ ፊደልን በማይለየው በእኛ ጽሕፈት ይህ ዘዴ እንኳ አይሠራም።) ማሽኑ የማያስከብረው፣ በሰዎች መተማመን ብቻ የሚጠበቅ ስምምነት ነበር ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። በታሪክም ቢሆን ቋሚነት ባሕርይ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው፤ አንድ ወገን «ይህን አልነካም» ብሎ ይገባል፣ ጠባቂ ያቆማል፣ ወጪውንም ይከፍላል። ጠባቂው ሲሄድ ወይም ወጪው ሲከብድ ቋሚ የተባለው ይንቀሳቀሳል። ሜኔሊክ አደባባይ ይህን በደንብ ከሚያሳዩ ስፍራዎች አንዱ ነው።

ከስሙ እንነሣ። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን ከአፋር ሹማምንት በ10,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ገዛች፤ በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ ለአስተዳደር ተላከ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ጅቡቲ ተቆረቆረች። አዲሷ ከተማ የምትኖረው ከበስተጀርባዋ ካለው ደጋ በሚወርደው ንግድ ነበር፤ የደጋው ጌታ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ነበሩ። ላጋርድ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በመጋቢት 1897፣ አዲስ አበባ ላይ የወሰን ውል ተፈራረመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ ሰጡት። የቅኝ ገዢዎች ከተማ ዋና አደባባይዋን በገዛ አገረ ገዢዋ ወይም በጄኔራሏ ስም መጥራት ሲገባት በአንድ ነጻ አፍሪካዊ ንጉሥ ስም የጠራችው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ ምስጋና ብቻ አልነበረም። ጅቡቲ ያለ ኢትዮጵያ ሸቀጥ ወደብ ልትባል እንደማትችል በአደባባይ የተጻፈ የሒሳብ መግለጫ ነበር።

በስሙ ሥር ያለው ነገር ግን አንድ ሆኖ አልቆየም። በቅስቶቹ ጥላ ሥር መጀመሪያ የግሪክ፣ የአርመን፣ የየመንና የሕንድ ነጋዴዎች ቆዳ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይዋዋሉ ነበር። ከ1962 እስከ 2011 ከተማዋን ጦር ሰፈሩ ያደረገው 13ኛው የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ግማሽ ብርጌድ በነበረበት ዘመን በካፌዎቹ ደንበኝነት ወታደሩ ዋናው ሆነ። ዛሬ የብዙ አገር ጦር፣ የመርከብ ሠራተኛና የኢትዮጵያ ዕቃ አስተላላፊ ይቀመጥበታል። አገሪቱ ራሷ በእነዚህ ዓመታት በሦስት ስም ተጠርታለች፤ ከ1896 ጀምሮ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከ1967 ጀምሮ የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት፣ ከ1977 ጀምሮ የጅቡቲ ሪፑብሊክ። ሜኔሊክ የሚለው ስም በዚህ ሁሉ መሐል የጸናው ውስጡ ስላልተለወጠ አይደለም። እንዲያውም ይዘቱ ስለተራገፈ ይመስለኛል። «ሜኔሊክ ጋ እንገናኝ» የሚል የጅቡቲ ወጣት ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ምንም አስተያየት እየሰጠ አይደለም፤ ስሙ ወደ አቅጣጫ ጠቋሚነት ወርዷል፤ ሸክም ስለማይሸከምም አይደክምም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒ ይታያል፤ የምኒልክ ሐውልት ቆሞ ያለበትን የአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሕዝቡ የሚጠራው «ፒያሳ» ብሎ በጣልያንኛ ነው፤ በዚያም ቃሉ ወራሪውን አያስታውስም።

ለባቡሩም ተመሳሳይ ምስክርነት ማቅረብ ይቻላል። ምኒልክ በመጋቢት 1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከሁሉ በላይ ቋሚ ይመስል የነበረው የሐዲዱ ስፋት ነው፤ አንድ ሜትር። ድልድዩ፣ ዋሻው፣ የሠረገላው እግር ሁሉ በዚያ ልክ ተሠርቷል፤ ያንን አንድ ቁጥር መንካት ሁሉን ማፍረስ ነበር። ሐዲዱን የጀመረው ኩባንያ ከስሮ በ1908 በሌላ ሲተካ ቁጥሩ አልተነካም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 መጀመሪያ በዚህ ሐዲድ ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ መርከብ ሲሰደዱ አልተነካም፤ በ1959ኙ ውል ኢትዮጵያ ግማሹን ድርሻ ስትይዝም አልተነካም። በመጨረሻ ግን ስፋቱን የለወጠው ሰው ሳይኖር መስመሩ ራሱ ተተወ፤ በጎኑ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አዲስ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ተዘርግቶ በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ጅቡቲ ላይ ተመረቀ። ስክሪፕት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ሺህ ቦታ የተጠቀሰ ቋሚ ከመቀየር አዲስ ካርታ መጀመር የሚቀልበት ጊዜ አለ። ከአሮጌው መስመር በሰው አንደበት የተረፈው «ለገሃር» ነው። በፈረንሳይኛ «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው፤ ባቡሩ ከቀረ በኋላም ሰፈሩ ለገሃር ነው። ድሬዳዋም ስትቆረቆር «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ያ ስም ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ።

የነገሩ ሥር ያለው ግን ገንዘብ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ምኒልክ አደባባዩን ስማቸውን ባወረሱበት ዘመን ከጅቡቲ እስከ ሐረርና ከዚያም ወዲያ ንግዱ የሚሄደው በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ይህ ሳንቲም ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ በየትም ይታተም በየትም ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። ነጋዴው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁ በጣቱ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያሳተሙት የራሳቸው ብር ደረጃው የተከበረ ሆኖ ሳለ ሊያባርረው አልቻለም። በ1930ዎቹ ሙሶሊኒ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወሰደ፤ ለንደንና ፓሪስም ለየራሳቸው ማተም ጀመሩ፤ ዓመቱ አሁንም 1780 ነበር። ከዚህ የበለጠ ቋሚ ከየት ይመጣል? ግን የጸናው ክብደቱና መልኩ ብቻ ነው። የብር ማዕድን ዋጋ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በወርቅ ፊት ሲወድቅ አንድ ማርያ ቴሬዛ የሚገዛው ፍራንክ አብሮ ወረደ። በአንድ ስም ሥር ሁለት ነገር ነበር፤ የማይነካ ክብደትና በየጊዜው የሚዋዥቅ ዋጋ። የደጋው ገበሬ አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን አላየም፤ የወደቡ ነጋዴ ሁለቱንም ያይ ነበር፤ ትርፉም ከዚያ ይገኝ ነበር።

በ1945 ኢትዮጵያ በራሷ የወረቀት ገንዘብ ማርያ ቴሬዛን ከሥርዓት አወጣች። በ1949 ደግሞ የጅቡቲ ፍራንክ ተወለደና 214.392 ፍራንክ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ተብሎ ተተመነ። በኢትዮጵያ በኩል ከ1964 ጀምሮ ተመኑ ለአንድ ዶላር 2.50 ብር ነበር። ከዚያ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ደረሰ። በታኅሣሥ 1971 የጅቡቲው ቁጥር 197.466፣ የኢትዮጵያው 2.30 ሆነ፤ በየካቲት 1973 ደግሞ 177.721 እና 2.07። «ቋሚ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተለወጠ» ያሰኛል። ስሌቱን የሠራ ሰው ግን ሌላ ያገኛል፤ ሁለቱም የጠበቁት ዶላሩን ሳይሆን ወርቁን ነበር። በ1949 አንድ የጅቡቲ ፍራንክ 0.00414507 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያህል ነበር። አሜሪካ ገንዘቧን ከአውንስ ወርቅ 35 ዶላር ወደ 38፣ ቀጥሎም ወደ 42.22 ስታወርድ፣ ያችን የወርቅ ቅንጣት ላለመንካት የዶላሩ ቁጥር መውረድ ነበረበት። ጽኑው ወርቁ ነበር፤ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው የዶላር ቁጥር ከእርሱ የሚሰላ ውጤት ብቻ ነበር። ይህ ለስክሪፕት ጸሐፊም ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቋሚ ብለን ከጻፍናቸው ቁጥሮች ብዙዎቹ ከሌላ ቋሚ የተሰሉ ናቸው፤ ሥሩ ሲነካ ቅርንጫፉ መንቀሳቀሱ አይቀርም።

ከ1973 በኋላ የዓለም ገንዘብ ከወርቅ ሲላቀቅ ሁለቱም አገሮች በእጃቸው የቀረውን የዶላር ቁጥር አዲስ ቋሚ አደረጉት። እዚህ ላይ መንገዳቸው ተለያየ። የኢትዮጵያ 2.07 ደርግን አልፎ እስከ 1992 ቆየ፤ በዚያ ዓመት በአንድ ጊዜ 5.00 ሆነ፤ ከዚያ በየዓመቱ እየተሸረሸረ በሐምሌ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ዘለለ። የጅቡቲው 177.721 ግን ዛሬም 177.721 ነው። የአንዱ ቁጥር የጸናው የአንዱ የወደቀው ሕዝቡ ስለተለየ አይደለም። የጅቡቲ ሕግ በእጅ ያለ ፍራንክ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ክምችት ሙሉ በሙሉ እንዲሸፈን ያዛል፤ ያንን ክምችት የሚሞላው ደግሞ የወደብ ገቢና የጦር ሰፈር ኪራይ ነው። አሜሪካ ብቻ በ2014ቱ ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። በ2.07 ዘመን ኢትዮጵያ ቁጥሩን ይዛ ክምችቱን አልያዘችም፤ በጥቁር ገበያ ሌላ ዋጋ ይኖር ነበር፤ ማለትም በስክሪፕቱ ላይ ቋሚ የተባለው በጨዋታው ውስጥ ቋሚ አልነበረም። ጅቡቲም ለጽናቱ ትከፍላለች፤ በችግር ጊዜ ገንዘቧን አውርዳ የራሷን ምርት ማርከስ አትችልም፤ ሕይወትም በሷ ዘንድ ውድ ነው። ነገር ግን ዋጋውን አውቃ ትከፍላለች፤ ለዚህም ነው በአደባባዩ አካባቢ ፍራንክ በዶላር ለመመንዘር የሚሄድ ሰው የዛሬውን ተመን መጠየቅ የማያስፈልገው።

«ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነው፤ መሬቱና ባሕሩ ግን ያለ ማንም ጥበቃ ቋሚ ናቸው» የሚል ሰው ይኖራል። ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከጅቡቲም ከምኒልክም በፊት ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ዘመን ቅፍለቱ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ ነበር የሚወርደው። መልክዓ ምድር ዕድልን ያስቀምጣል፤ ዕድሉን የሚያነሣው ግን ውሳኔ ነው። ከተማዋ የቆመችባቸው እንደ ማራቡና ሰርፐንት ያሉ ጉብታዎች በባሕር የተከበቡ ነበሩ፤ በድንጋይና በአፈር ሙሌት ተያይዘው ነው አንድ ከተማ የሆኑት። ግንቦት 1998 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጭነት ይገባበት የነበረው አሰብ ባዶ ሆነ፤ ጥልቀቱም ርቀቱም አንድ ጋት ሳይለወጥ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እዚያም ከአደባባዩ ብዙም ከማይርቀው አሮጌ ወደብ እየራቀ ከ2009 ጀምሮ በምዕራብ በኩል ዶራሌ ላይ ሰፋ። ባሕሩ እውን ቋሚ ቢሆንም ከተማ የሚያቆመው ቋሚነት ያ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከስሙ ይመጣል፤ ነጻ የወጣ ሕዝብ አደባባዩን በነጻነቱ ቀን መጥራቱ መብቱ ነው፤ የጎረቤት ንጉሠ ነገሥትን ስም አጽንቶ መጻፍ፣ በተለይ ከኢትዮጵያውያን ብዕር ሲመጣ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ይመስላል የሚል። ተገቢ ስጋት ነው። አንድ ሕዝብ ለራሱ ያወጣው ስም ከጎረቤት ትዝታ ይበልጣል፤ ምኒልክ በዚህ አካባቢ ለሁሉም ወገን አንድ ዓይነት ትዝታ እንዳላቸው አድርጎ መጻፍም ስሕተት ነው። በ1887 የተያዘችው ሐረር ምስክር ናት። በጅቡቲ ከተማ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ይጠራ የነበረው አደባባይ ስሙ በነጻነት ታጋዩ በማሕሙድ ሐርቢ ስም መተካቱ ከዚሁ መብት የመጣ ነው። እኔ የምከራከረው ሜኔሊክ ትክክለኛው ስም ነው ብዬ አይደለም። መዝጋቢው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቋሚ ካደረገ ሌላው ታሪክ ይጠፋል ነው የምለው። የአገር ስም እንኳ ምን እንደሚደርስበት እንይ። በ1974 ለዓለም አገሮች ሁለት ሁለት ፊደል ሲመደብ የአፋርና የኢሳ ግዛት «ኤ አይ» የሚል መለያ ደረሰው። ነጻነት ሲመጣ ጅቡቲ «ዲ ጄ» ሆነች፤ «ኤ አይ» ደግሞ በኋላ ለካሪቢያኗ ደሴት ለአንጉዊላ ተሰጠ፤ ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች የሚሻሙበት የድረ ገጽ መጨረሻ ሆኗል። በዚያ ዘመን «ኤ አይ ማለት ይህች አገር ናት» ብሎ በማይነካ ቋሚ የጻፈ የካርታ ባለሙያ፣ ጽሑፉ ዛሬ ቢከፈት ሜኔሊክ አደባባይን አትላንቲክ ማዶ ያገኘዋል።

በመጨረሻ፣ ጌምና ታሪክ አይነጻጸሩም የሚል ይኖራል፤ በጌም ቋሚውን የሚነካ መስመር ማሽኑ ይመልሰዋል፤ በታሪክ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለም። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ግን የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም። ማሽኑ የሚከለክለው ጨዋታው እየሄደ ሳለ ነው። ጸሐፊው ማታ ፋይሉን ከፍቶ ቁጥሩን ቢቀይር የሚከለክለው የለም፤ በነጋታው የገባ ተጫዋችም አዲሱን ቁጥር ድሮ የነበረ አድርጎ ይወስደዋል። ታሪክን ከጌም የሚለየው የትናንቱ ተጫዋች ዛሬም በሕይወት መኖሩና የትናንቱን ስም ማስታወሱ ነው። ስለዚህ የጅቡቲን ካርታ ለጌምም ሆነ ለትምህርት የምትጽፉ ወጣቶች፣ ለአደባባዩ ምንም ትርጉም የሌለው አንድ መለያ ቁጥር ስጡትና ቋሚ የምታደርጉት እርሱን ይሁን፤ ስሞቹን ተለዋዋጭ ዝርዝር ውስጥ አኑሯቸው፤ ከእያንዳንዱም ጎን ማን እንዳወጣውና ማን እንደሚጠራበት ጻፉ። ሜኔሊክንም 27 ጁንንም አትሰርዙ።